የገና ደስታ ታኅሣሥ 30 እንዳያልቅ፦ ከነቢያት ጾም እስከ ጥምቀት የሚያደርስ የጸሎት አካሄድ

ታኅሣሥ 30 ጠዋት ብዙ ቤት ውስጥ የሚጠብቀን ያልታጠበ ድስት፣ የሳሳ ቦርሳና እንቅልፍ ያልጠገበ ዓይን ነው። ሳምንት ሙሉ የተሯሯጥንለት በዓል በአንድ ቀን ያልቅና “ቶሎ አለፈ አይደል?” እንባባላለን። ዶሮው፣ ጠላውና አዲሱ ልብስ ምንም ክፋት የለባቸውም። ችግሩ ደስታችንን በሙሉ እነሱ ላይ መጫናችን ነው፤ እነሱ ሲያልቁ እሱም አብሮ ያልቃል።

የልደትን ዜና መጀመሪያ የሰሙት እረኞች በዚያ ሌሊት የተደገሰላቸው ነገር አልነበረም። ሥራ ላይ ነበሩ፤ መንጋቸውን እየጠበቁ ነው ያደሩት። መልአኩን ሲያዩ የቀደማቸውም ፍርሃት እንጂ ደስታ አይደለም፤ ለዚህ ነው “አትፍሩ” የተባሉት። ከዚያ ሄደው አዩ፣ ያዩትን ለሌላው ተናገሩ፣ እያመሰገኑ ተመለሱ (ሉቃስ 2፥8-20)። ኑሯቸው ያው ነው፤ የተለወጠ ነገር ቢኖር የሰሙትና ያዩት ብቻ ነው። እኔም ከዚህ በታች የምጽፈው በዚሁ መንገድ የሚሄድ ነው፦ ቀድሞ መስማት፣ ሄዶ ማየት፣ ማካፈል፣ ከዚያም እያመሰገኑ ወደ ሥራ መመለስ። ይህ በአንድ ቀን አይሆንም፤ ከበዓሉ በፊት ይጀመራል፣ ከበዓሉም በኋላ ይቀጥላል።

አካሄዱ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ላይ የቆመ ነው። ካቶሊክም ሆናችሁ ፕሮቴስታንት ግን ንባቡን፣ የግል ጸሎቱንና የማካፈሉን ነገር እንዳለ ልትወስዱት ትችላላችሁ።

መጀመሪያ ቀን መቁጠሪያ አውጡ

የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል፤ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 24 ማለት ነው። ገና ታኅሣሥ 29 ይውላል። በዘመነ ዮሐንስ ግን፣ ያለፈው ዓመት ጳጉሜን 6 ቀን ስለነበራት፣ አንድ ቀን ቀድሞ ታኅሣሥ 28 ይሆናል፤ 2016 ዓ.ም. እንዲህ ነበር፣ 2020 ዓ.ም.ም እንዲሁ ይሆናል። በፈረንጆቹ አቆጣጠር ሁሌም ጃንዋሪ 7 ነው። ውጭ አገር ያላችሁ ይህን ቀን ከአሁኑ ያዙት። ዋሽንግተንም ሆነ ፍራንክፈርት ጃንዋሪ 7 ተራ የሥራ ቀን ነው፤ ፈቃድ የሚጠየቀው በኖቬምበር እንጂ ዋዜማው ላይ አይደለም።

ከገና በፊት ያሉትን ሦስት እሑዶችም ምልክት አድርጉባቸው። ከታኅሣሥ 7 እስከ 13 ባለው ጊዜ የሚውለው እሑድ ስብከት ይባላል፤ ከ14 እስከ 20 ያለው ብርሃን፣ ከ21 እስከ 27 ያለው ደግሞ ኖላዊ። የመጀመሪያው ነቢያት ስለ ክርስቶስ መምጣት የሰበኩትን፣ ሁለተኛው ብርሃንነቱን፣ ሦስተኛው እረኝነቱን ያሳስባል። ኅዳር 15 ያመለጣችሁ ከስብከት ጀምሩ። “ከመጀመሪያው ካልጾምኩ ምን ዋጋ አለው” ብሎ ሙሉውን መተው የተለመደ ነው፤ የዘገየ ግን ከቀረ ይሻላል።

የማይበጠስ አጭር የጸሎት ልማድ ያዙ

ብዙዎቻችን የምንወድቀው እዚህ ጋ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልናገር። ጾም ሲገባ ሰው ይነሣሣና ሙሉ ዳዊት ለመድገም ይወስናል። ዳዊቱ በሳምንት ይከፈላል፦ ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ እስከ 60፣ ረቡዕ እስከ 80፣ ሐሙስ እስከ 110፣ ዓርብ እስከ 130፣ ቅዳሜ እስከ 150፤ እሑድ ጸሎተ ነቢያትና መኃልየ መኃልይ። ይህ ያደጉበት ሰዎች ልማድ ነው። ከዜሮ የሚጀምር ሰው ሰኞን እንደምንም ይወጣዋል፤ ማክሰኞ እንቅልፍ ይጥለዋል፤ ረቡዕ ላይ ኅሊናው እየወቀሰው ጭራሽ ይተወዋል። ስለዚህ “እችላለሁ” ብላችሁ ካሰባችሁት ግማሹን ብቻ ውሰዱ። 10 መዝሙር፣ ማለትም አንድ ንጉሥ፣ ካሰባችሁ በአንድ ወይም በሁለት መዝሙር ጀምሩ።

ሰዓቱን ካለ ልማዳችሁ ጋር እሰሩት። ጠዋት ፊት ከታጠቡ በኋላ፣ ስልክ ከመነካቱ በፊት የሚለው ለብዙ ሰው ይሠራል። ስልኩ ከቀደመ ጸሎቱ የለም፤ ሌላ ክፍል ውስጥ ቻርጅ ላይ ብታሳድሩት ግማሹ ሥራ ተሠርቷል። ቦታው አንድ ይሁን፦ የቤቱ ምሥራቅ በኩል፣ ሥዕል ካለ ፊቱ፣ ከሌለም ባዶ ግድግዳ። ነጠላው እዚያው ይሰቀል፤ “ነጠላዬ የት ገባ” እያሉ ሲፈልጉ የሚያልፍ ጊዜ ቀላል አይደለም።

ቅደም ተከተሉ ይህን ሊመስል ይችላል። በስመ አብ ብላችሁ አማትቡ። አቡነ ዘበሰማያት፣ በሰላመ ቅዱስ ገብርኤልና ጸሎተ ሃይማኖት ይከተላሉ። ጊዜ ካላችሁ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም፣ ከዚያ የመረጣችሁትን መዝሙር ድገሙ። በመጨረሻ በራሳችሁ ቃል ጸልዩና በአቡነ ዘበሰማያት ዝጉ። ያለ ውዳሴ ማርያም ሩብ ሰዓት አይሞላም።

የራስ ቃል የሚለው ላይ ብዙ ሰው ይቸገራል፤ “ስለ ሁሉም ተመስገን” ካለ በኋላ የሚለው ይጠፋዋል። ሦስት ነገር ብቻ በሉ። አንደኛ፣ ትናንት የሆነ አንድ ነገር ጠርታችሁ አመስግኑ፤ ሰፊ ሳይሆን ጠባብ ይሁን። “ትናንት ማታ የልጄ ትኩሳት ስለለቀቀው።” “አከራዬ የኪራይ ጭማሪውን ወደሚቀጥለው ወር ስላሻገረልኝ።” ሁለተኛ፣ የአንድ ሰው ስም ከነችግሩ አንሡ። ሦስተኛ፣ ዛሬ የሚያስፈራችሁን አንዱን ነገር ሳትሸፋፍኑ ተናገሩ። ሐዋርያው ጳውሎስ “በነገር ሁሉ በጸሎትና በምልጃ ከምስጋና ጋር በእግዚአብሔር ዘንድ ልመናችሁን አስታውቁ እንጂ በአንዳች አትጨነቁ” ሲል (ፊልጵስዩስ 4፥6) ልመናና ምስጋናን አንድ ላይ ያስኬዳቸዋል። ይህን የጻፈው ደግሞ በእስር ላይ ሆኖ ነው። “ሁልጊዜ በጌታ ደስ ይበላችሁ” የሚለውም ከዚያው ደብዳቤ የወጣ ነው፤ ሁኔታው ተመቻችቶለት የተናገረው አይደለም።

የምስጋናውን ነገር በአንድ መስመር ደብተር ላይ ጻፉት፤ ቀኑንና የጸለያችሁለትን ሰው ስም ጨምራችሁ። ኋላ ላይ እንፈልገዋለን።

ቀኑን ሙሉ በአፍ የሚቆይ አጭር ቃልም ያዙ። ሦስቱ እሑዶች የየራሳቸው ምስባክ (ከወንጌል ንባብ በፊት የሚዜም የመዝሙር ጥቅስ) ስላላቸው መፈለግ አያስፈልግም። በስብከት ሳምንት “እጅህን ከአርያም ላክ፥ አድነኝም” (መዝሙር 143፣ በሌላው ቁጥር 144)፣ በብርሃን “ብርሃንህንና እውነትህን ላክ” (42/43)፣ በኖላዊ ደግሞ “የእስራኤል እረኛ ሆይ፥ አድምጥ” (79/80) በሉ። ታክሲ ሰልፍ ላይ፣ ሽንኩርት እየከተፋችሁ፣ የቢሮ ሊፍት እስኪመጣ ድረስ። ሳምንት ሙሉ የተባለ ቃል ጭንቀት ሲመጣ ሳይጠሩት አፍ ላይ ይገኛል።

ዓረብ አገር በሰው ቤት የምትሠሩ እህቶች ግን ነጠላ ለብሶ ምሥራቅ ዞሮ መቆም እንደማይመቻችሁ አውቃለሁ። ድምፅ ማውጣት እንኳ የማይቻልበት ቤት አለ። የሳሙኤል እናት ሐና በቤተ መቅደስ ስትጸልይ ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር እንጂ ድምፅዋ አይሰማም ነበር (1ኛ ሳሙኤል 1፥13)፤ ካህኑ ኤሊ ሰክራለች ብሎ ጠረጠራት፣ እግዚአብሔር ግን ሰማት። ዕቃ እያጠቡ በልብ የሚባል አቡነ ዘበሰማያት ሙሉ ጸሎት ነው።

ንባቡን ከነቢያት ጀምሩ

ጾሙ የነቢያት ስለሆነ ንባቡም ከእነሱ ቢጀምር ያምራል። በስብከት ሳምንት በቀን አንድ ምዕራፍ፦ ኢሳይያስ 7፣ 9፣ 11፣ 40፣ 53፣ 60፤ ሰባተኛው ቀን ሚክያስ 5። በብርሃን ሳምንት የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 1ን ከፋፍላችሁ ቀስ ብላችሁ። በኖላዊ ሕዝቅኤል 34 እና ዮሐንስ 10። የመጨረሻዎቹን ቀናት ለሉቃስ 1 እና 2፣ ለማቴዎስ 1 እና 2 ተውላቸው። ልጆች ካሉ ሉቃስ 2ን እነሱ ያንብቡት፤ የሚንተባተቡበት ቦታ ላይ አታቋርጧቸው።

ከተጣላችሁት ሰው ጋር የምትነጋገሩበትን ቀን ወስኑ

ቂም ይዞ ደስ የሚለው ሰው አላየሁም። ማቴዎስ 5፥23-24 መባውን በመሠዊያው ፊት ተውና አስቀድመህ ከወንድምህ ጋር ታረቅ ይላል፤ ቅደም ተከተሉ ግልጽ ነው። የእኛ ሰው ግን ዕርቅን ለዋዜማ ያቆየዋል፤ ዋዜማው ደግሞ በገበያና በድስት ይያዛል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ቀለል ያለ ቅሬታ ከሆነ ራሳችሁ ደውሉ። ንግግሩን አጭር አድርጉት፦ “ባለፈው በተናገርኩት አዝኛለሁ፤ ጾም ነው፣ ይቅር በለኝ።” ማን ጀመረ፣ ማን ምን አለ የሚለውን አታንሡ፤ እሱ ከተነሣ ዕርቁ ችሎት ይሆናል። ነገሩ የከረመና ገንዘብ ወይም ውርስ ያለበት ከሆነ በስልክ አይፈታም፤ ሁለቱም የሚያከብሩት ሽማግሌ ወይም የንስሐ አባት ይግባበት። ያኛው ወገን እንቢ ቢልስ? የእናንተን ድርሻ ጨርሳችኋል፤ ስሙን በጠዋቱ ጸሎት ላይ ጨምሩት። በደል ያደረሰባችሁና አሁንም የሚያሰጋችሁ ሰው ከሆነ ግን ይቅር ማለት ማለት በር ከፍቶ ማስገባት ማለት አይደለም። እሱን ከልባችሁ ፍቱት፤ መራቃችሁን ቀጥሉ።

ንስሐ መግባትም ቢሆን ለመጨረሻው ሳምንት አይቆይ። ካህናቱ ይጨናነቃሉ፣ እናንተም ትቸኩላላችሁ።

ከበዓሉ ወጪ ላይ የሌላውን ድርሻ አስቀድማችሁ አንሡ

ነህምያ 8፥10 ላይ “የእግዚአብሔር ደስታ ኃይላችሁ ነውና አትዘኑ” የሚለውን ሁላችንም እንጠቅሳለን፤ በየግድግዳው ተሰቅሏል። ከእሱ ቀድሞ ያለው ግን ይረሳል፦ የሰባውን ብሉ፣ ጣፋጩን ጠጡ፣ ላልተዘጋጀላቸውም ድርሻቸውን ላኩ። ኃይል የሚሆነው ደስታ የሰው ድርሻ የወጣለት ማዕድ አጠገብ ነው የተነገረው።

በተግባር ሲሆን፣ በዓሉ የሚፈጀውን ብር ስታሰሉ መጀመሪያ የምትጽፉት መስመር የሌላ ቤት ይሁን። የተረፈ ይሰጣል ካላችሁ አይተርፍም። ለበዓል ብሎ መበደርን በፍጹም አልመክርም፤ ጥር ላይ የሚከፈል ዕዳ የገናን ደስታ ሁሉ ይበላዋል። ዶሮ ካልተቻለ እንቁላል፣ እንቁላልም ካልተቻለ ዳቦና ቡና ገናን ገና ያደርጉታል።

ቅርጫ የምትገቡ ሰዎች ደግሞ ጥሩ ዕድል አላችሁ። ሥጋው መደብ መደብ ሆኖ ዕጣ ከመጣሉ በፊት፣ ከየመደቡ ጥቂት ጥቂት ተነሥቶ አንድ ተጨማሪ መደብ ይውጣ። ዐሥር ሰው ከድርሻው ትንሽ ቢያነሣ ማንም አይጎድልበትም፤ አንድ ቤት ግን ሙሉ በዓል ይደርሰዋል። ያ መደብ እንደ ሌሎቹ ይሁን፤ ከጥፍርና ከአጥንት የተሰበሰበ አይሁን። ለማን እንደሚሄድም ሰዎች ፊት አይነገር። አንድ ሰው ሲመሽ ይዞ ሄዶ “ድርሻችሁ ነው” ብሎ ይስጥ፤ ከዚያ በላይ ማብራሪያ አያስፈልግም። የተሰጠው ሰው ፎቶ የሚነሣበት ምጽዋት ባይሰጥ ይሻላል።

ገንዘብ ለሌላችሁስ? ባለቤቷ በሞተባት ጎረቤት ቤት ገብቶ ሽንኩርት መክተፍ፣ ብቻውን ለሚኖር ሽማግሌ ውኃ መቅዳት፣ ስደት ላይ ያለ ጓደኛ ጋ በገና ጠዋት መደወል ከመደብ ሥጋ አያንስም።

ደስታው እንቢ ሲል

በዚህ ዓመት ሰው የሞተባችሁ፣ ከቀያችሁ የተፈናቀላችሁ፣ ወሬው የጠፋ ልጅ ያላችሁ አላችሁ። “በገና እኮ አይታዘንም” የሚላችሁን ሰው አትስሙት። የልደት ታሪክ ራሱ ልቅሶ አለበት፤ ማቴዎስ 2 ላይ ሄሮድስ የገደላቸው የቤተ ልሔም ሕፃናት እናቶች አሉ፣ በሌሊት ወደ ግብፅ የሚሰደድ ቤተሰብም አለ።

ለእንዲህ ያለው ጊዜ መዝሙር 12ን (በሌላው ቁጥር 13ን) ጸልዩ። በጣም አጭር ናት። “አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?” ብላ ትጀምራለች፤ “እስከ መቼ” የሚለው አራት ጊዜ ይመላለሳል። መጨረሻዋ ላይ ግን “ልቤም በመድኃኒትህ ደስ ይለዋል” ትላለች። በመካከል የጠላት መሸነፍም ሆነ የችግሩ መፈታት አልተነገረም። የሆነው ነገር ሰውየው ብሶቱን እስከ ጥግ ለእግዚአብሔር መናገሩ ነው። የመጨረሻዋ ቁጥር ከአፋችሁ ካልወጣች እዚያው “እስከ መቼ” ላይ ቁሙ፤ ነገ ትቀጥላላችሁ።

አንድ ነገር ግን ልለይ። ለሳምንታት እንቅልፍና ምግብ ከጠፋ፣ ቀድሞ የሚወዱት ሁሉ ካስጠላ፣ ይልቁንም መኖርን የመጥላት ሐሳብ ከመጣ ሕመም ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ዘንድ ሂዱ፤ ነገ አትበሉ። ለቅርብ ሰው ንገሩ። “እምነቴ ጎድሎ ነው” አትበሉ። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብር፣ እሱንም እግዚአብሔር ፈጥሮታልና ይላል። ጸበሉም ጸሎቱም መድኃኒቱም አብረው ይሄዳሉ።

ዋዜማውና ሌሊቱ

ከሰዓት በኋላ ተኙ። ይህ ቀልድ አይደለም፤ ሌሊቱን ቆማችሁ የምታድሩት ሰውነት ዕረፍት ይፈልጋል። ለዚህ ደግሞ ሽንኩርቱ ከአንድ ቀን በፊት መቁላላት አለበት፣ ሥራውም ቤት ላሉት ሁሉ መከፋፈል አለበት። እናት ወጥ ስትሠራ አምሽታ ቤተ ክርስቲያን የማትደርስበት ገና ብዙ ቤት አለ፤ ወንዶቹ ነጠላ ለብሰው ይወጣሉ፣ እሷ ምድጃ ሥር ትቀራለች። በዚህ ዓመት ይህ ይቅር።

ለመቁረብ የተዘጋጀ ሰው ለ18 ሰዓት ከምግብና ከውኃ መከልከሉን አስቦ የመጨረሻ ምግቡን ይቁጠር፤ ሕመምተኛና ነፍሰ ጡር ከንስሐ አባት ጋር ይነጋገሩ። ጋቢ ያዙ፤ የታኅሣሥ ብርድ ምሕረት የለውም። ለልጆች ካልሲ ደርቡ፤ እንቅልፍ ከወሰዳቸው ጋቢ ላይ አስተኟቸው፣ ግን ጧፍ ሲበራ ቀስቅሷቸው።

ማሕሌቱና ቅዳሴው ረጅም ነው፤ ሁሉን ልከታተል ካላችሁ ሐሳባችሁ ይበተናል። አንድ ቃል ምረጡና እሱ ላይ ቁሙ። “ቤዛ ኵሉ ዓለም ዮም ተወልደ” ከሁሉም ይበቃል፤ የዓለም ሁሉ ቤዛ ዛሬ ተወለደ ማለት ነው። ላሊበላ ላይ ይህ ዝማሬ ቤተ ማርያም ዘንድ ሲቀርብ፣ ካህናቱ ግማሾቹ ከአለቱ አፋፍ ላይ፣ ግማሾቹ ከታች ሆነው እየተቀባበሉ ያሸበሽባሉ፤ የላዮቹ በመላእክት፣ የታችኞቹ በእረኞች ይመሰላሉ። የንጉሥ ላሊበላ ልደትም የሚከበረው በዚያው ቀን ነው። ሄዳችሁ ማየት ከቻላችሁ ማረፊያችሁን ቀድማችሁ ያዙ፤ ካልቻላችሁ የሰፈራችሁ አጥቢያም ያው ቃል ይዘመርበታል። ስልኩን ግን ለመቅረጽ አታውጡት። ቪዲዮው ከሌላ ሰው ይገኛል።

ቤት ስትመለሱ ጾሙ ከመገደፉ በፊት ሁሉም ይቁም፤ ከቤቱ ትንሹ አቡነ ዘበሰማያትን ይምራ። ገና ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢውልም ይበላል፤ ይህን በየዓመቱ የሚጠይቅ አይጠፋም።

ከታኅሣሥ 30 እስከ ጥር 11

ዋናው ሥራ እዚህ ነው፤ የሚዘለለውም እዚሁ ነው። ጾሙ ሲያልቅ የጠዋቱ ጸሎትም አብሮ ይፈሰካል። ቤተ ክርስቲያን ግን ልደትን በአንድ ቀን አትዘጋውም፤ እስከ ጥምቀት ዋዜማ ዘመነ ልደት ነው። ስለዚህ ታኅሣሥ 30 ምንም ያህል ቢደክማችሁ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ቦታ ቁሙ። አንድ አቡነ ዘበሰማያት ብቻ ብትሉም ልማዱ አይበጠስ።

አሁን ደብተሩን አውጡት። በየማታው ከጾሙ የምስጋና መስመሮች ሦስቱን ለቤተሰቡ ወይም ለጓደኛ አንብቡ። “ረስቼው ነበር” ትላላችሁ፤ ሰው ተጨንቆ የለመነውን ሲያገኝ ወዲያው ነው የሚረሳው። ሉቃስ ስለ እመቤታችን ሲናገር ይህን ነገር ሁሉ በልብዋ እያሰበች ትጠብቀው ነበር ይላል (2፥19)፤ እኛ እንኳ በልብ የምንጠብቀው ትንሽ ስለሆነ ወረቀት ያስፈልገናል። የልመናውንም ስም ዝርዝር እዩት። የተፈታ ካለ ለባለቤቱ ደውላችሁ “ስጸልይልህ ነበር” በሉት።

ንባቡ የሐዋርያት ሥራ ሊሆን ይችላል፤ እረኞቹ የተናገሩት ዜና የት ድረስ እንደሄደ ያሳያል። የረቡዕና የዓርብ ጾም እንደወትሮው ይመለሳል። ጥር 10 ገሃድ፣ ማለትም የጥምቀት ዋዜማ ጾም ነው፤ ታቦታቱ ሲወጡ ተከተሉ።

አንድ ጠዋት ካመለጣችሁ ያመለጠውን ከነገው ጋር ደርባችሁ ለማካካስ አትሞክሩ፤ በማግሥቱ ከዕለቱ ጀምሩ። ሳምንት ሙሉ ካመለጣችሁ ደግሞ የያዛችሁት በዝቶ ነውና መዝሙሩን ቀንሱ፣ ሦስቱን የራስ ቃል ግን አትተዉ፣ ሰዓቱንም ወደሚመቻችሁ አዙሩት። ከጥምቀት ብዙም ሳይቆይ ጾመ ነነዌ ይመጣል፤ እስከዚያ የቀራችሁን የደብተር ገጽ ቁጠሩና ካነሰ አዲስ ግዙ።